«ጋጠወጥ» በትክክል ምን ማለት ነው? ለስምንት ዓመት ልጅስ ይባላል?

የማሙሽ እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። ትናንት የክፍሉ ኃላፊ አስተማሪ በመገናኛ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ልጁ ጋጠወጥ ስለሆነ ወላጅ ቀርቦ ያነጋግረን» ብለው ጽፈው ላኩልኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ የማውቀው ግን ጠጥቶ መንገድ ዳር አላፊ አግዳሚውን ለሚሳደብ ሰው ሲባል ነው። ወተት ጥርሱ ገና ተነቅሎ ላላለቀ ልጅ ተጽፎ ሳየው ደሜ ፈላ።

ልጁ አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም። ወንበሩ ላይ አይረጋም፣ ሳይጠየቅ ይመልሳል፣ የጎረቤቱን እርሳስ ይነካካል። ቤትም ውስጥ አላስቆም አላስቀምጥ የሚል ነው። አባቱ «ተራ ቃል ነው፣ ረባሽ ለማለት ነው፣ አታካብጂው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ስድብ ነው ባይ ነኝ። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ቃሉ በትክክል ምን እንደሚል ማወቅ እፈልጋለሁና እባካችሁ ፍረዱን።

ቀዩ ብዕር፦

እኅቴ፣ ፍርዱ ወደ አንቺ ያደላል። ስድብ ነው፤ ያውም ከባድ ከሚባሉት።

ቃሉ የሁለት ቃላት ጥምር ነው። «ጋጥ» በቅሎው፣ አህያው ወይም ጥጃው የሚታሰርበትና ገፈራው የሚቀርብለት ቦታ ነው። «ወጥ» ደግሞ «ወጣ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ሕገወጥ ስንል ሕግን ጥሶ የወጣ ማለታችን እንደሆነው ሁሉ። ስለዚህ ጋጠወጥ ከታሰረበትና ከሚመገብበት ቦታ አፈትልኮ የወጣ፣ ደጅ ለደጅ የሚንጋጋ እንስሳ ነው። ቀጥሎ ወደ ሰው ተሻገረና ሥርዓት ጥሶ የወጣ፣ አልገዛም ያለ፣ አፉንም እጁንም የማይሰበስብ ሰው መጠሪያ ሆነ።

ልብ በይ፤ ቃሉ ልጁ ስለ መሮጡ ወይም ስለ መጮሁ አይናገርም። የሚናገረው ጥሎት ስለ ወጣው ነገር ነው። ጋጥ ነበረው፣ ጋጡን ያውቀዋል፣ አውቆ ወጣ ነው የሚለው። የቃሉ ተቃራኒ «ጸጥተኛ» ሳይሆን «ጨዋ» የሆነውም ለዚህ ነው። ጸጥ ያለ ጋጠወጥ ብዙ አይቻለሁ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሰው ፊት የማይባል ነገር የሚናገር።

ዝምተኛው፦

እኔ እስከ ዛሬ «ወጥ» የሚለውን እንደ «ወጥ አቋም» ነበር የማስበው። ታዲያ «ወጥ የሆነ ጋጠወጥ» ቢባል ስህተት የለውም ማለት ነው?

ቀዩ ብዕር፦

የለውም። ጠዋትም ማታም በአንድ ዓይነት የሚባልግ ማለት ይሆናል። እንዲህ ያለም አይጠፋም።

የደብተራው ልጅ፦

ቀዩ ብዕር በደንብ አስቀምጦታል፤ ትንሽ ልጨምርበት። «ጋጥ» «ጋጠ» የሆነው በግእዝ የአገናዛቢ ወግ ነው፤ ሕግ ሕገ፣ ልብ ልበ፣ ሆድ ሆደ እንደሚሆነው። ልበ ሙሉ፣ ሆደ ሰፊ፣ ሕገወጥ፣ ጋጠወጥ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ እዚህ መድረክ ላይ «ነገረ ፈጅ» ብሎ ራሱን የሰየመው ወንድማችንም ሳይቀር።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ትንቢተ ኢሳይያስ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ በሬ ገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጥ ሲያውቁ ሕዝቡ ግን ፈጣሪውን አላወቀም ብሎ ይወቅሳል። እንስሳው ጋጡን እያወቀ ሰው ሲስተው ማለት ነው። በአማርኛው ቃል ውስጥ ያለው ወቀሳም የዚሁ ዓይነት ነው።

ቃሉን በደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት (የ1962 ዓ.ም. ኅትመት) መፈለግ የሚሻ ሰው አንድ ነገር ያስተውል። የመጽሐፉ ተራ ሀለሐመ ሳይሆን አበገደ ነው። ብዙ ሰው «ገ»ን ከመጨረሻ ገጾች ሲፈልግ ይውልና ቃሉ የለም ብሎ ይመለሳል። «ገ» እዚያ ሦስተኛ ፊደል ነው።

ስለ ልጁ ግን የአባቶችን ቃል አልተውም፤ ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል።

ጠመኔ፦

እኔ አስተማሪ ነኝ። የሥራ ባልደረባዬን ለመከላከል ሳይሆን ነገሩ እንዴት እንደሚጻፍ ለማስረዳት ነው የገባሁት። ክፍሉ ሞልቷል፣ ድምፅህ ተዘግቷል፣ አንድ ልጅ ስድስተኛ ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቷል፣ ደወሉ ሊደወል ነው፣ ደብተሩ ፊትህ ተዘርግቷል። እጅህ መጀመሪያ የሚያገኘው ቃል ይጻፋል። ቃል የሚመረጥበት ሰዓት አይደለም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን፣ ቃሉ አይገባውም። እኛ መምህራን ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን የምንለው «ረባሽ» ነው። ረባሽ የክፍል ቃል ነው። ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ፤ አስተማሪው ሲወጣ የክፍሉ አለቃ ጠመኔ ይዞ ይቆምና ሰሌዳው ጥግ ላይ «የረባሾች ስም» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ ስሞች ይደረደራሉ፤ ደግሞ የረበሸ ሰው ስሙ ጎን የእርማት ምልክት ይጨመርበታል፤ አለቃው የተጣላው ሰው ካለ ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጦም ሦስት ምልክት ያገኛል። አስተማሪው ሲመለስ ይቆጣል ወይም ይቀጣል፣ ዳስተር ይነሣል፣ ስሙ ይጠፋል። በማግስቱ አለቃው ራሱ ረባሽ ሊሆን ይችላል። ረባሽነት የአንድ ክፍለ ጊዜ ነገር ነው። ጋጠወጥ ግን በዳስተር የሚጠፋ አይደለም፤ ስለ ሰውየው ተፈጥሮና አስተዳደግ የተሰጠ ፍርድ ነው።

ተርጓሚዋ፦

ጠመኔ ያልከው ነገር ለእኔ ቁልፉ ነው። በሥራዬ ይህን ዓይነት ቅጽል ስተረጉም አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ ቃሉ ማንን ይወቅሳል? ከመዝገበ ቃላቱ ፍች ይልቅ ይህ ነው የሚያዋጣው።

«አሳዳጊ የበደለው» ብትል ልጁን የተሳደብክ ይመስልሃል፤ የተሰደቡት ግን እናትና አባት ናቸው። ልጁ እንዲያውም በስድቡ ውስጥ ተበዳይ ነው። «ስድ አደግ»ም እንዲሁ ነው፤ ለቀው ያሳደጉት ማለት ስለሆነ ጣቱ ወደ ለቃቂው ይጠቁማል። «ጋጠወጥ» ግን ወላጅን ነፃ ያወጣል፤ ጋጡ ነበር፣ ወላጅ የሚገባውን አድርጓል፣ ይኼኛው ነው ጥሎ የወጣው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የባለቤቱ ይሆናል። «ረባሽ» ሌላው ላይ የደረሰውን ጉዳት ብቻ ይናገራል፤ ስለ ምክንያቱ ግድ የለውም። «ቅብጥብጥ» ደግሞ ማንንም አይወቅስም። እጅና እግሩ አያርፍም ማለት ብቻ ነው፤ ድምፁ ራሱ ይቁነጠነጣል። የማሙሽ እናት፣ የልጅሽን ጠባይ እንደጻፍሽው ካየሁት አማርኛ የሚሰጠው ቃል ይኸው የመጨረሻው ነው።

አንድ ምሳሌ ከሥራዬ ልስጥ። በአውሮፕላን ውስጥ ጠጥቶ ስለሚረብሽ፣ አስተናጋጅ ስለሚደበድብ፣ ቀበቶ አላስርም ስለሚል መንገደኛ የሚያወራ ሰነድ ተርጉሜ ነበር። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1963 ቶኪዮ ላይ በተፈረመው ስምምነት ይገዛል፤ የአውሮፕላኑ አዛዥ እንዲህ ያለውን ሰው እንዲያስር፣ ባረፈበት እንዲያወርድና ለባለሥልጣን እንዲያስረክብ ሥልጣን የሚሰጠው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞንትሪያል ላይ ማሻሻያ ተፈርሞለት በ2020 ሥራ ላይ ውሏል። የእንግሊዝኛው ሰነድ ለእንዲህ ዓይነቱ መንገደኛ አንድ ቅጽል አለው። ረቂቁን ያየልኝ ሰው «ጋጠወጥ መንገደኛ በይው፣ ልክ ነው» አለኝ። ስሜቱ ልክ ነው፤ ለሰነድ ግን አይሆንም። አዛዡ ሰውየውን የሚያስረው ስለ ባለገ አይደለም፤ የበረራውን ደኅንነትና ሥርዓት ስላወከ ነው። መንገደኛው ስኳሩ ወርዶበት ራሱን ስቶ የሚወራጭ በሽተኛም ሊሆን ይችላል። «ሥርዓት የሚያውክ መንገደኛ» ብዬ አለፍኩት። ድርጊቱን ጠራሁት፣ ሰውየውን ለዳኛ ተውኩት።

ነገረ ፈጅ፦

ስሜ ከተነሣ እኔም ልናገር። ተርጓሚዋ «ማንን ይወቅሳል» ያለችውን ሕጉ በራሱ መንገድ ይጠይቀዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 ስለ ኢኃላፊነት ሲደነግግ ሁለት ነገር ይመረምራል። ሰውየው ድርጊቱን ሲፈጽም የሚያደርገው ምን እንደሆነና ምን እንደሚያስከትል ያውቅ ነበር ወይ? ካወቀስ፣ ባወቀው መሠረት ራሱን መግታት ይችል ነበር ወይ? ሁለተኛዋን ጥያቄ ልብ በሉ። አውቆ መግታት ያልቻለ ሰው አለ ብሎ ሕጉ ይቀበላል፤ ዕድሜን፣ ሕመምን፣ የአእምሮ ዕድገት መዘግየትን የመሰለ ምክንያት ካለ ማለት ነው።

በአንጻሩ አንቀጽ 50 ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነቱ ራሱን ያሰከረ ሰው «ሰክሬ ነበር» ብሎ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። የማሙሽ እናት መንገድ ዳር ያየችው ተሳዳቢ ጋጠወጥ መባሉ ትክክል የሚሆነው በዚህ ነው፤ ጋጡን በገዛ እግሩ፣ በገዛ ገንዘቡ ነው የወጣው።

ስለ ልጁ ደግሞ፦ አንቀጽ 52 ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከወንጀል ተጠያቂነት ሙሉ በሙሉ ያወጣዋል። አገር የሚዳኝበት ሕግ ያላስቀመጠበትን ፍርድ የመገናኛ ደብተር በአንድ ቅጽል ጣለበት።

ዝምተኛው፦

ይቺን መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እናቱ ይዛት ትሂድ።

የደብተራው ልጅ፦

ይዛት አትሂድ። ከአስተማሪ ጋር በሕግ ቁጥር መነጋገር ልጁን አይጠቅመውም። ደግሞም ሁሉንም ነገር «አይችልም፣ አይፈረድበትም» ካልን ተግሣጽ ምን ሊሆን ነው? እኛ ስናድግ ቅብጥብጥ የተባለ ልጅ በአርጩሜ ይረጋ ነበር።

ነርስ ነኝ፦

ይረጋ አልነበረም፤ ይደበቅ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በዕድሜ ሳይበልጡኝ አይቀሩም፤ ግን ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር የሚባል በሕክምና የታወቀ ነገር አለ። ልጁ ተቀመጥ ሲባል መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል፣ መቀመጥም ይፈልጋል፣ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ግን ራሱን ቆሞ ያገኘዋል። አርጩሜው ቶሎ የሚያስተምረው ፍርሃትን ነው እንጂ መርጋትን አይደለም።

እዚህ ላይ ግን እናትየውም እንዳትቸኩል። የሚንቀሳቀስ ልጅ ሁሉ ችግሩ አለበት ማለት አይደለም፤ የስምንት ዓመት ልጅ መንቀሳቀስ አለበት። ሐኪሞች የሚመለከቱት ጠባዩ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየቱን፣ ምልክቶቹ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት መጀመራቸውን፣ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም መታየታቸውንና የልጁን ትምህርትና ኑሮ በግልጽ ማወካቸውን ነው። ትምህርት ቤት ብቻ የሚቀበጠበጥ ልጅ ምናልባት ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፣ ምናልባት ትምህርቱ ቀሎት ይሆናል፣ ምናልባትም የሚያስፈራራው ልጅ ከጎኑ ተቀምጦ ይሆናል። ይህን የሚለየው ያየ ሰው ዝርዝር መግለጫ ነው። «ጋጠወጥ» ለሐኪም ምንም አይነግረውም። «በአንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ይነሣል፣ የጀመረውን ሥራ ግማሽ ላይ ይተዋል» ግን ይነግረዋል።

ከዚህ የከፋም አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት እ.ኤ.አ. በ1885 በገለጸው ሕመም የተያዙ ሰዎች ፊታቸው፣ ትከሻቸው፣ ድምፃቸው ሳይፈቅዱ ይነቃነቃል። ጥቂቶቹ ደግሞ ጸያፍ ቃል ከአፋቸው ይወጣል፤ ለመያዝ ሲታገሉ ላብ እያጠመቃቸው። ከውጭ ሲታይ የጋጠወጥ ሁሉ ቁንጮ ነው። ከውስጥ ግን ከጋጡ አንድ እርምጃ አልወጣም።

የደብተራው ልጅ፦

ልጄ፣ ስለ ሕመሙ ያልሽውን እቀበላለሁ፤ የታመመን ማን ይመታል? እኔ የምሟገተው ስለ ጤነኛው ነው። ጤነኛው ልጅ ሥርዓት በተግሣጽ ነው የሚማረው። ተግሣጽ ደግሞ አርጩሜ ብቻ አይደለም፤ ዓይንም ይገሥጻል። እናቴ እንግዳ ፊት በዓይኗ ብቻ ከነበርኩበት ትመልሰኝ ነበር።

ቀዩ ብዕር፦

ወደ ቃሉ እንመለስ፤ አለበለዚያ ውይይቱ ራሱ መረን ሊለቅ ነው።

እግረ መንገዴን «መረን የለቀቀ»ን ላንሣ፤ ጋዜጣ ላይ የሚደርሰኝ ጽሑፍ ሁሉ በእርሱ ተሞልቷል። መረን የለቀቀ ሙስና፣ መረን የለቀቀ ንግግር፣ መረን የለቀቀ የዋጋ ጭማሪ። ይህ ከጋጠወጥ የሚለየው ለሰውም ለነገርም መዋሉ ነው። «ጋጠወጥ ሙስና» ወይም «ጋጠወጥ ዋጋ» የሚል አላየሁም፤ ቢመጣም እሰርዘዋለሁ። ዋጋ ጋጥ የለውም። ለዋጋ «ልጓም ያጣ» ያምርበታል፤ ልጓም ከውጭ የሚገባ ነውና መንግሥትን ወይም ገበያን ተጠያቂ ያደርጋል። ጋጠወጥ ግን ከሰው፣ ከሰው ንግግርና ከሰው ድርጊት አያልፍም። የስፖርት ገጾች «የደጋፊዎች ጋጠወጥነት» ሲሉ ትክክል ናቸው፤ ወንበር የሚነቅለው ደጋፊ ስታዲየም እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ያውቃል።

ዝምተኛው፦

«ስድ»ስ? «ስድብ» ከእርሱ የመጣ ነው የሚል ሰው ሰምቻለሁ።

የደብተራው ልጅ፦

አይደለም። ስድብ «ሰደበ» ነው፤ ሌላ ግሥ፣ ሌላ ሥር። ስድ «ሰደደ» ነው፤ አባረረ፣ ለቀቀ፣ ላከ። ስደት፣ ስደተኛ፣ ሰደድ እሳት ሁሉ ከዚያ የወጡ ናቸው። ሰደድ እሳት የተባለው ማንም ሳይመራው ነፋስ በሰደደው የሚሄድ ስለሆነ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ስድ ንባብ» ነው። ግጥም የተገጠመ ነው፤ ቤት አለው፣ ልክ አለው፣ ቃሉ ከቃሉ ጋር ይጋጠማል። ከዚያ የተለቀቀው ስድ ተባለ። የልጅ ስድና የጽሑፍ ስድ አንድ ቃል ናቸው፤ አንዱን ግን በዱላ እናሳድዳለን፣ ሌላውን መደርደሪያ ላይ እናከብራለን።

ተርጓሚዋ፦

ይኼ ግሩም ነው! እኔ የማስተውለው ሌላ ነገር አለ። ቃላቶቹን ደርድራችሁ እዩአቸው፤ ወጣ፣ ለቀቀ፣ ሰደደ፣ አፈነገጠ። «ከልክ ያለፈ»፣ «ከመስመር የወጣ»፣ «ልቅ»፣ «ልጓም የበጠሰ»፣ «ያልተገራ» ሁሉ ከአንድ ሥዕል የተቀዱ ናቸው፤ የታሰረ እንስሳና የተፈታ ገመድ። አማርኛ ሥርዓትን የሚያስበው እንደ ቦታና እንደ ገመድ ነው። ራስን መቆጣጠር የምንለውንም አባቶች «ራስን መግዛት» ነው ያሉት።

ስለዚህ ከነዚህ ሁሉ ለልጅ የምመርጠው ቢኖር «ያልተገራ» ነው። ተግሣጽ የሚወዱትንም ነርሷንም ያስማማል፤ የመግራቱ ሥራ ገና አላለቀም ይላል እንጂ ልጁን ወንጀለኛ አያደርግም።

ነርስ ነኝ፦

እኔን አያስማማም። ያልተገራ የሚባለው ፈረስ ነው። ልጁ የሚያደርገውን ጻፉ፤ ቅጽሉ ይቅር።

ጠመኔ፦

ነርሷ ልክ ናት። ሌላው ቢቀር አስተማሪው «ቅብጥብጥ» ብሎ ቢጽፍም በሚቀጥለው ዓመት የሚረከበው አስተማሪ ደብተሩን ገልጦ ልጁን ሳያየው በቅጽሉ ያውቀዋል። የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። የኋላ ወንበር የተቀመጠ ቅብጥብጥ ልጅ ምን እንደሚሆን እኔ ልንገራችሁ፤ ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ነው። አጠገቤ፣ ሰሌዳው ሥር ሳስቀምጠው፣ ጠመኔ አምጣ፣ ደብተር ሰብስብ፣ መስኮቱን ክፈት እያልኩ ስልከው ግን እንቅስቃሴው ሥራ ያገኛል።

የማሙሽ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሄጄ ነበር። የሕግ ቁጥር አልጠቀስኩም፤ ቢሆንም ነገረ ፈጅ ያለውን በሆዴ ይዤው ነው የገባሁት።

አስተማሪው እንደጠበቅኩት ዓይነት ሰው አልነበሩም። ደከም ያሉ፣ ጎልማሳ ሰው ናቸው። «ጋጠወጥ ማለት ለእርስዎ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «አርፎ የማይቀመጥ፣ ሲናገሩት የማይሰማ» አሉ። ቀዩ ብዕር እንዳስረዳው ስነግራቸው ግንባራቸውን አሹ። «እኛ ቤት አባቴ ሲቆጣ ለሁላችንም የሚለው ቃል ነበር፤ ጋጥ እንዳለበት አስቤውም አላውቅ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መቆጣት አልቻልኩም። ገጹን አልቀደዱትም፤ ከሥሩ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ልጁ የተሰጠውን ሥራ ቶሎ ይጀምራል፤ ሳይጨርስ ይነሣል። ጥያቄ ሲጠየቅ እጁን ሳያወጣ ይመልሳል፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው።»

የመጨረሻዋን ሐረግ አባቱ ደጋግሞ አነበባት። ነርሷ እንዳለችው ለማየት ዓይኑን ልናስመረምረው ወስነናል። ሰሌዳው ሥር እንዲያስቀምጡትም ለምኛቸው እሺ ብለዋል።

የደብተራው ልጅ፦

እጁን ሳያወጣ ትክክል የሚመልስ ከሆነስ ቅኔ ቤት ይግባ። እዚያ የሚቀበጠበጥ አእምሮ ይፈለጋል።

ዝምተኛው፦

ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ። አንድ ላይ ነው ወይስ ተለያይቶ ነው የሚጻፈው? አንዳንዱ «ጋጠ ወጥ» ይላል፣ አንዳንዱ «ጋጠወጥ»፣ ሰረዝ የሚያስገባም አይቻለሁ።

ቀዩ ብዕር፦

ሦስቱንም ታገኛለህ። ነጥሎ የሚጽፈው ሰው የግእዙን ናባብ፣ ማለትም ሁለት ቃል የሚናበብበትን ወግ፣ ጠብቆ ነው፤ አይነቀፍም። እኔ አንድ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቴም ቅጥያው ነው። «ጋጠ ወጥነት» ብለህ ነጥለህ ስትጽፈው አንባቢ «ወጥነት»ን ብቻውን ያነብና አንድ ዓይነትነት ይመስለዋል። ብዙ ቁጥሩ ላይ ደግሞ «ጋጠ ወጦች» ብትል ሠርግ ቤት ያስገባሃል። «ጋጠወጥነት»፣ «ጋጠወጦች» በለው፤ በጾታ አይለወጥም፣ ለወንዱም ለሴቷም ያው ነው። ሰረዙን ግን ባገኘሁበት እሰርዛለሁ።